ፊቱ የታወቀ፣ አባቱ ያልታወቀ

ሥዕሉ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ቁመቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቅርጹ ሞላላ፣ የተሣለውም በብራና ላይ ነው። ነጭ የዳንቴል ኮሌታ ያጠለቀ ጥቁር ወጣት ይታይበታል። ጀርባው ሲገለበጥ የሠዓሊዋ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዴ በላቲን ፊደል፣ አንዴ በግዕዝ ፊደል። ሥዕሉ በሰሜን ኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ በ1635 ተሣለ። እዚህ ላይ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሠዓሊዋ ጆቫና ጋርዞኒ ትባላለች። የተሣለው ወጣት ጸጋ ክርስቶስ ይባላል፤ ራሱን የአፄ ያዕቆብ ልጅና የኢትዮጵያ ዙፋን ወራሽ ነኝ እያለ ከካይሮ እስከ ፓሪስ የዞረ ሰው ነው። በአውሮፓ እስካሁን ከታወቁት እንዲህ ያሉ ትንንሽ የመልክ ሥዕሎች መካከል ጥቁር ሰው የተሣለበት ቀዳሚው ይህ ነው ተብሎ ይገመታል።

ስለ አንድ የመልክ ሥዕል ማንነት ሲጠየቅ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀው ይነሣሉ። አንደኛው በሠዓሊው ፊት የተቀመጠው ማን ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ የተቀመጠው ሰው ነኝ የሚለውን ሰው ነበር ወይ የሚል ነው። የቶሪኖው ሥዕል ለመጀመሪያው ጥሩ መልስ አለው። የክርክሩ ምንጭ ሁለተኛው ነው፤ እስከ ዛሬም ሰው ያነጋግራል።

ጋርዞኒ በ1600 በመካከለኛው ኢጣልያ በአስኮሊ ፒቼኖ ተወለደች። ሴት ልጅ ራቁት ገላ እያየች ሥዕል እንድትማር በማይፈቀድበት ዘመን ብዙ ሴቶች የሚገቡባቸው በሮች የመልክ ሥዕል፣ የአበባና የፍራፍሬ ሥዕል ነበሩ፤ እርሷም በሁለቱም ገባች። ከዚያ በፊት ግን በቬኒስ የተማረችው ቁም ጽሕፈት ነው። የሠራችው የጽሕፈት ደብተር ዛሬም አለ፤ ፊደሎቹ በብዕር ሐረግ ያጌጡ ናቸው። በ1622 ቲቤሪዮ ቲኔሊ የተባለ ሠዓሊ አግብታ ነበር፤ በድንግልና ለመኖር ተስላ ስለነበር ጋብቻው ሁለት ዓመት ያህል እንኳ በቅጡ አልቆየም። ከዚያ ኔፕልስ፣ ከ1632 ጀምሮ ደግሞ ቶሪኖ የሳቮያው መስፍን ቪቶሪዮ አሜዴዮ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆነች። በኋላ በፍሎረንስ ለሜዲቺ ቤተሰብ የሣለቻቸው የቼሪ፣ የሎሚና የባቄላ ሳህኖች ስሟን አስጠሩላት፤ ዛሬም በብዛት የምትታወቀው በእነርሱ ነው። በ1670 ሮም ስትሞት ንብረቷን ለቅዱስ ሉቃስ የሠዓሊዎች ማኅበር አወረሰች። ይህን ሁሉ ኑሮ የገነባችው በራሷ እጅ ሥራ መሆኑ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

አሠራሯን ለመረዳት ለብራና ሥራ ቅርብ የሆነ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ እንዲለሰልስ ይደረጋል፤ ቀለሙ በውሃና በሙጫ ይበጠበጣል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊ መልክን በጠራ መስመር ከብቦ ውስጡን በቀለም ይሞላል። ጋርዞኒ ግን መስመር ትሸሻለች። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነጥብ በነጥብ ላይ እየደረደረች የጉንጩን ጥላ፣ የከንፈሩን ወዝ፣ የዓይኑን ብርሃን ታወጣለች። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአውሮፓ ሠዓሊ ጥቁር ሰው ሲስል ፊቱን በአንድ ጠቆር ያለ ቀለም አልብሶ ያልፈው ነበር። በዚህች ትንሽ ብራና ላይ ያለው ፊት ግን የአንድ የታወቀ ሰው ፊት ነው። ከሌላ ጋር አይምታታም።

በጀርባው ያለው የግዕዝ ፊደል ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1635 በቶሪኖ የግዕዝ ፊደል የሚያውቅ ሰው ማግኘት እንደ ተራ ነገር የሚቆጠር አልነበረም። ሠዓሊዋ ቋንቋውን እንደማታውቅ ግልጽ ነው፤ የማያውቁትን ፊደል አስመስሎ መጻፍ ግን በቁም ጽሕፈት ለሠለጠነች እጅ የሚከብድ አይደለም። የሚቀዳ ናሙና ብቻ ያስፈልጋል። ያንን ናሙና ሊጽፍላት የሚችለው የቅርቡ ሰው ፊቷ የተቀመጠው ወጣት ነው። ስለዚህ ፊደሉ የሥዕሉን የመጀመሪያ ጥያቄ ለመመለስ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። የጋርዞኒ እጅ፣ የቶሪኖ ቤተ መንግሥት፣ የ1635 ዓመትና የኢትዮጵያ ፊደል በአንድ ቁራጭ ብራና ላይ ሲገናኙ፣ በዚያ ዓመት በዚያ ቤተ መንግሥት እንግዳ የነበረው ኢትዮጵያዊ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ለብዙ ሥዕል እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም።

የሰውዬው ታሪክ የሚጀምረው በ1632 ካይሮ ሲታይ ነው። እንደ ተናገረው ከሆነ አፄ ያዕቆብ ሲገደሉ እናቱ ሸሽጋ አሳድጋዋለች፤ አሳዳጆች ሲመጡ በስናር በኩል አድርጎ በረሃውን ወደ ግብፅ አቋረጠ። ከካይሮ ኢየሩሳሌም ወጣ። በቅድስት ሀገር ከነበሩ የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኮሳት ጋር ተጠጋና ወደ ካቶሊክ እምነት ገባ፤ በእነርሱ አማካይነትም ሮም ደረሰ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ ስምንተኛ ተቀበሉት፤ ፕሮፓጋንዳ ፊዴ የተባለው የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤ ማደሪያና ቀለብ ሰጠው። የሕይወቱን ታሪክም በጣልያንኛ አጻፈ። እዚያው ሮም ካተሪና ማሲሚ ለተባለች መነኩሲት በደሙ የጻፈው ደብዳቤ መኖሩ የጠባዩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ከሚሲዮናውያን ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ ታቅዶ ነበር፤ እርሱ ግን ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ።

የይገባኛል ነገሩ ሲመረመር በመጀመሪያ የሚያስቸግረው ሂሳብ ነው። አፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 ሲሞቱ ያዕቆብ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ነገሠ፤ መንግሥቱን የያዙት እቴጌ ማርያም ስናና መኳንንቱ ነበሩ። በ1603 ዙፋኑን ተነጥቆ ወደ እናርያ ተጋዘ፤ ዘድንግል ነገሠ፤ እርሱም በዓመቱ ተገደለ። ያዕቆብ ተመልሶ ቢነግሥም ሱስንዮስ ተነሣበትና መጋቢት 1607 በጎጃም ጎል በተባለው ቦታ በተደረገው ጦርነት ወደቀ። ሲሞት ዕድሜው ከአሥራ ሰባት ብዙም አይርቅም። ልጅ ወልዶ ቢሆን እንኳ የመጨረሻው ልጅ ከ1607 መጨረሻ አያልፍም። በአውሮፓ ጸጋ ክርስቶስን ያዩት ሰዎች የጻፉለት ዕድሜ ግን የልደት ዘመኑን 1616 ገደማ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህም ያዕቆብ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ያህል በኋላ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ወጣት የያዕቆብ ልጅ ከሆነ ቢያንስ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው መሆን አለበት። ፊቱ ደግሞ ገና ጢም በቅጡ ያላወጣ ጎረምሳ ይመስላል። ፊት አይቶ ዕድሜ መገመት አሳሳች መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ሆኖም ሥዕሉ ከሂሳቡ ጋር አይጣላም።

በያዕቆብ ስም መምጣት በጸጋ ክርስቶስ አልተጀመረም። ያዕቆብ በወደቀ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በሰሜን፣ በደብረ ቢዘን አካባቢ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ከጦርነቱ ያመለጥሁት ያዕቆብ እኔ ነኝ አለ። ብዙ ተከታይም አገኘ። ይህ ሰው ፊቱን በከፊል እየሸፈነ ነበር የሚታየው፤ በጦርነቱ መንጋጋውና ጥርሱ ስለቆሰለ መልኩን ማሳየት እንደማይወድ ይናገር ነበር። የትግራይ ገዥ የነበሩት የሱስንዮስ ወንድም ሥዕለ ክርስቶስ ደጋግመው ቢያሸንፉትም ወደ ሐማሴን ተራሮች እየሸሸ አመለጠ። በመጨረሻ ተገድሎ ራሱ ለሱስንዮስ ሲላክና መሸፈኛው ሲነሣ፣ ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ በፊቱ ላይ ጠባሳ አልተገኘም፤ ጥርሱም አልጎደለም። የተሸፈነው ቁስሉ ሳይሆን ያዕቆብን አለመምሰሉ ነበር።

ሁለቱን ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብዙ ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው ያዕቆብን በአካል በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ስለነበር ፊቱን መሸሸግ ነበረበት። ጸጋ ክርስቶስ ግን ያዕቆብን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው በሌለበት አገር ስለነበር ፊቱን መግለጥ፣ እንዲያውም ማሣል ጠቀመው። በቶሪኖ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አልነበረም። የኡፊትሲ ሙዚየም የያዘው የአፄ ልብነ ድንግል ሥዕል ይህን በደንብ ያሳያል፤ ሠዓሊው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ንጉሡን አይቶ አያውቅም፣ ከሌላ ሥዕል ነው የቀዳው። በዚያ የተጻፈው ስም የንጉሥ ነው፤ መልኩ ግን ምስክር የለውም። የጋርዞኒው ሥዕል ተቃራኒው ነው። መልኩ ምስክር አለው፤ ማዕረጉ የለውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ እያለ ለምን ተስተናገደ? መልሱ በኢትዮጵያ ውስጥ በነበረው ሁኔታ ይገኛል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፤ ሕዝቡ አመፀ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አባረሩ። ጸጋ ክርስቶስ ካይሮ የታየው በዚያው በ1632 ነው። ለሮም ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም ነበር፦ ወጣት፣ ካቶሊክ፣ የሱስንዮስ ቤት ጠላት፣ ሕጋዊ ወራሽ ነኝ ባይ። ሚሲዮናቸው ለፈረሰባቸው ኢየሱሳውያን ምትክ መሆን ለሚፈልጉት ለፍራንቸስኮ መነኮሳትም መልካም አጋጣሚ ነበር። ኢትዮጵያን በቅርብ ከሚያውቁት ወገን ግን ጥርጣሬው ጠንካራ ነበር። ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በጎታ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው ሂዮብ ሉዶልፍም ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ያመኑት ማመን የሚጠቅማቸው ነበሩ ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

ልብሱም ሊነበብ የሚገባው ነው። በሥዕሉ ላይ ካባ፣ ላንቃ፣ ዘውድ የለም። የአውሮፓ መኳንንት በዘመኑ የሚለብሱት ኮሌታና ልብስ ነው ያለው። ከሩቅ ምሥራቅ ወይም ከአፍሪካ የመጣ እንግዳ ሲሣል በባዕድ ጌጥ አስውቦ ማቅረብ በተለመደበት ዘመን ይህ ምርጫ ትርጉም አለው። ተሣዩ የታየው እንደ እንግዳ ፍጡር ሳይሆን እንደ መስፍን እኩያ ነው። የቪቶሪዮ አሜዴዮ ባለቤት ክሪስቲን የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ ዐሥራ ሦስተኛ እኅት ነበረች፤ ጸጋ ክርስቶስም ከቶሪኖ ቀጥሎ የሄደው ፓሪስ ነው። ትንሽ የመልክ ሥዕል ደግሞ በዚያን ጊዜ በቤተ መንግሥታት መካከል እንደ ስጦታና እንደ ማስተዋወቂያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ ነበር። ከኪስ ይወጣል፣ ይታያል፣ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም የተቀመጠው ማን ነበር የሚለው፣ ምን ያህል አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችል ለማየት እንግሊዝ ኤክሰተር ከተማ ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለውን ሥዕል ማሰብ ይበቃል። ቀይ ኮት የለበሰ ጥቁር ወጣት ነው፤ በዘይት ቀለም በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ተሣለ። ስም አልተጻፈበትም። ለብዙ ዓመታት ከባርነት ነፃ ወጥቶ የሕይወት ታሪኩን በ1789 ያሳተመው ኦላውዳ ኢኩያኖ ነው ተብሎ በመጻሕፍት ሽፋን ላይ ሁሉ ወጣ። ሠዓሊውም ጆሹዋ ሬይኖልድስ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን የልብሱ ፋሽን የ1750ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ ኢኩያኖ ገና ልጅ፣ ያውም ባሪያ ነበር። በራሱ መጽሐፍ ላይ ካለው የታተመ መልኩ ጋርም አይገጥምም። አሁን ሠዓሊው የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሠዓሊ የነበረው የኤድንብራው አለን ራምዚ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል፤ ተሣዩም ኢግናሺየስ ሳንቾ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ሳንቾን ግን ቶማስ ጌንዝቦሮ በ1768 በባዝ ከተማ ሥሎታል፤ ሁለቱን ያስተያየ ሰው ሁሉ አንድ ሰው ናቸው ብሎ አይስማማም። ሙዚየሙ ለረጅም ጊዜ በጥንቃቄ የአንድ አፍሪካዊ የመልክ ሥዕል ብሎ ይጠራው ነበር። በኤክሰተር የጎደለው ስም ነው፤ በቶሪኖ የጎደለው አባት።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ እምብዛም የማይነሣው ሠዓሊው የተሣዩን ስም ከሥዕሉ ጋር ስለሚጽፍ ነው። ከቅዱሱ ራስ አጠገብ ሥዕለ እገሌ ይላል፤ ታሪክ ሲሆን ዘከመ ብሎ ይጀምራል። በጣና ሐይቅ ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፉት እቴጌ ምንትዋብ በመልካቸው ብቻ አይለዩም፤ የሚለያቸው ልብሳቸው፣ ቦታቸውና ጽሑፉ ነው። እዚያ መልክ ሰውየውን አያስረዳም፤ ጽሑፍ ያስረዳዋል። የአውሮፓው ሠዓሊ ግን መልክን እስከ ሽፋሽፍቱ ድረስ ይጠብቅና ስሙን ለሚያውቁት ሰዎች ትውስታ ይተወዋል፤ የሚያውቁት ሲያልቁ ስሙም አብሮ ያልቃል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መልክና ስም የሚጣበቁት በማኅተም ነበር። ቦሌ አትላስ አካባቢ ፎቶ ቤት ገብቶ አራት ጉርድ ፎቶ ያስነሣ ሰው አንዱን መታወቂያው ላይ ሲለጥፍ፣ ማኅተሙ ግማሹ በፎቶው ጥግ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረግ ነበር። ፎቶው ቢነቀል ክቡ ይሰበራል። ያ የተሰበረ ክብ መልክን ከስም፣ ስምን ከአባት ስም የሚያያይዝ ሌላ ሰው እንደነበረ ይመሰክራል። የጸጋ ክርስቶስ ሥዕል እስከ ስሙ ድረስ ያለው ማኅተም ደህና ነው። ከስሙ ቀጥሎ ለሚመጣው የአባት ስም ግን ከራሱ በቀር የመሰከረለት የለም።

ፓሪስ በ1635 ሲገባ ዝናው ቀድሞት ነበር። በዚያው ዓመት ዣን ባፕቲስት ደ ረሻክ የልዑሉን አስገራሚ ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። ካርዲናል ሪሽልዮ አስተናገዱት። ከተማው ግን ከዘውዱ ይልቅ በፍቅሩ ጉዳይ ብዙ አወራለት፤ የአንድ ባለ ሥልጣን ሚስት ከሆነችው ከማድለን አላማን ጋር የነበረው ግንኙነት ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ። በ1638 በሪሽልዮ ርስት በሩኤይ ታሞ ሞተ፤ ሃያዎቹን በቅጡ አላጋመሰም። የፓሪስ ቀልደኛም አልለቀቀውም፤ በመቃብሩ ስም የተገጠመለት ግጥም ልዑል ይሁን አስመሳይ ሳይወስን ያልፈዋል።

ብራናው ከተሣዩ ሞት በኋላ ብዙ ዘመን ከሕዝብ ዓይን ርቆ ኖረ። በቅርብ ዓመታት ለንደን ውስጥ ለሽያጭ ሲወጣ የጀርባው ፊደል የተመራማሪዎችን ትኩረት ሳበ፤ በ2021 አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የኦበርሊን ኮሌጅ የአለን መታሰቢያ ሙዚየም ገዛው። የታሪክ ተመራማሪው ማቴዮ ሳልቫዶሬ በተለያዩ የአውሮፓ ቤተ መዛግብት የተበተኑትን ደብዳቤዎችና የሕይወት ታሪኩን አሰባስበው ጉዞውን ከሞላ ጎደል ገጣጥመዋል። ተጣምረው ሲነበቡ የሚወጣው ሰው የያዕቆብ ልጅ አይደለም ማለት ይቻላል። አንድ የተማረ፣ ደፋር፣ የሰውን ልብ ማግኘት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወጣት ግን በእርግጥ ነበር፤ በቶሪኖ አንድ ቀን ተቀምጦ ጆቫና ጋርዞኒ ፊቱን ነጥብ በነጥብ ሥላለች፣ በጀርባውም በአገሩ ፊደል ስሟን ጽፋለች።